የት ውላ የት ታድራለች?

ባለፈው ጥር የመጨረሻዋን ልጄን ሊጠይቁ ሦስት ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ። እንደ ወጉ ቆመው፣ እንደ ወጉ "ተቀመጡ" ተብለው፣ የልጁን አባትና አያት ቆጥረው ሲጨርሱ ተራው የእኔ ሆነ። እኔ አጥንት አልጠየቅሁ፣ ሀብት አልጠየቅሁ። ከአፌ ያመለጠኝ "ለመሆኑ ልጁ የት ውሎ የት ያድራል?" የሚል ነው። ባለቤቴ ወርቄ በሀፍረት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ፤ ልጁን ሰካራም ነው ያልሁባቸው መሰላቸው። ሦስተኛው ግን ከት ብሎ ሳቀ። ሳቁ እንባ አመጣበትና በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ።

"ደብረ ታቦር ውሎ ደብረ ታቦር ያድራል። ዳገት የለበትም፤ አይዞህ አበጀ!" አለኝ።

ይህ ሽማግሌ አያሌው ነው፤ እንደኔው ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሾፌር። በደርግ ጊዜ ይችኑ ጥያቄ አንድ ቀን ሳልጠይቀው በመቅረቴ ታስሯል። ሊሞትም ይችል ነበር።

ሽማግሌዎቹን ከሸኘን በኋላ ወርቄ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ሰው ሁሉ መኪና ይመስልሃል እንዴ?" አለችኝ። እውነቷን ነው። አርባ ዓመት ግድም አንድ ሥራ ላይ የከረመ ሰው፣ ጡረታ ቢወጣም አፉ አይወጣም።

ሥራዬ የናፍጣ ሞተር ኖዝል መምረጥና መጠገን ነበር። ለማያውቀው ልንገር። ፖምፑ ናፍጣውን መጥኖ በኃይል ይገፋዋል። ኖዝሉ ደግሞ ያን ናፍጣ ፀጉር በሚያህል ቀዳዳ እየበተነ፣ እንደ ጉም አድርጎ ፒስተኑ አናት ላይ ይረጨዋል። ከአውራ ጣት የማይበልጥ ብረት ነው። እሱ ከተበላሸ ግን ያ ሁሉ መኪና ከነጭነቱ ከንቱ ነው። ዛሬ ልጆቹ ኮምፒዩተር ይሰኩና መኪናዋ ራሷ ሕመሟን ትነግራቸዋለች። አልቀናባቸውም ብል ውሸት ነው። በኛ ጊዜ መኪና አትናገርም፤ ሾፌሩም ቢሆን ግማሹን ይደብቅ ነበር።

ጎንደር ጎማ ስፈታ ሦስት ዓመት፣ መንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ ማሽን ግራሶ ስቀባ ሁለት ዓመት ቆየሁ። ደርግ በገባ በጥቂት ዓመቱ ደብረ ታቦር ወዳለ የመንግሥት ጋራዥ ተዛወርሁ። ኃላፊያችን ቅጽ የሚወድ ሰው ነበር። ለአንዲት የብሎን ዳዶ ሦስት ፊርማ ያስፈርማል፤ የደሞዝ ጭማሪ ሲነሳ ግን ጆሮው ይደነቁራል። እሱን በዚሁ ልለፈው። የእኔ እውነተኛ አለቃ ጋሽ ኑሩ ነበሩ።

ጋሽ ኑሩ የደብረ ታቦር ሙስሊም፣ የአንጥረኛ ልጅ ናቸው። ቤታቸው የቴዎድሮስ መድፍ ወደተሠራበት ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። "የኛ ሰፈር አፈር ራሱ ብረት ያስተምራል" ይሉና ይስቃሉ። ኖዝል ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን እንደ ሐኪም በሳሙና ይታጠባሉ። እኛ ሥራ ስንጨርስ ነበር የምንታጠብ፤ እሳቸው ሲጀምሩም ሲጨርሱም። "ይኸ ነገር ከአሸዋ ቅንጣት ጋር ጠበኛ ነው" ይላሉ።

የኖዝሉ መርፌና ቀፎው አንድ ላይ ተፋቅረው የተሠሩ ናቸው። የአንዱን መርፌ ለሌላው ቀፎ መስጠት አይቻልም። መጀመሪያ የገባሁ ሰሞን የሁለት ኖዝል መርፌ አቀላቅዬ አንድ ጣሳ ውስጥ አጠብሁ። ጋሽ ኑሩ መጥተው አዩና ራሳቸውን ያዙ።

"አንተ የክርስቲያን ልጅ፣ የናንተ የቁርባን ጋብቻ ይፈርሳል?"

"ኧረ አይፈርስም ጋሽ ኑሩ።"

"ታዲያ እነዚህን ምን ብለህ ፈታሃቸው? በል ማን የማን እንደሆነ እስክታውቅ ከዚህ አትነሳም!"

ቀኑን ሙሉ መርፌ ሳጋባ ዋልሁ። መርፌውን ናፍጣ ውስጥ ነክሮ ቀፎው ውስጥ ሲሶውን ከፍ አድርጎ መልቀቅ ነው። ባሏ ከሆነ በገዛ ክብደቱ ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል ሳይቆም ይወርዳል። ካልሆነ ወይ ይነክሳል ወይ ዘጭ ይላል።

ቀጥሎ ፍተሻው ነው። ጠረጴዛ ላይ የታሰረች የእጅ ፖምፕ ነበረችን። ኖዝሉን እሷ ላይ አስረው፣ ከፊቱ ወረቀት አቁመው ክንዷን ሲጫኑ ጋራዡ ውስጥ ዝም ይባላል። መዶሻ የሚመታ ካለ ያቆማል። ጤነኛ ኖዝል "ጥርርር" ይላል። ታማሚው ያለቅሳል፤ ጫፉ ላይ ጠብታ ያንጠለጥላል። ከዚያ ወረቀቱን ያነሱና በሰዓት ሠሪ መነጽር ያዩታል። ነጠብጣቡ ስንት ነው፣ ስፋቱ ምን ያህል ነው፣ ደቃቅ ነው ወይስ ወፍራም። እጅ ከፊቱ ማድረግ ክልክል ነው። የጋሽ ኑሩ የቀኝ ሌባ ጣት አትታጠፍም ነበር። በወጣትነታቸው ናፍጣው ቆዳቸውን በስቶ ገብቶ ከጥቅም ውጭ አድርጓታል። ሲያስጠነቅቁን ያችን የደረቀች ጣት ነው የሚቀስሩብን።

ይህ ሁሉ ግን ከጥያቄው በኋላ ነው የሚመጣው። ሾፌር ሲገባ ጋሽ ኑሩ ስለ ሞተሩ ምንም አይሉም። ሰላምታቸውን ሰጥተው፣ ጤናውን ጠይቀው፣ "የት ውላ የት ታድራለች?" ይላሉ። ሾፌሮቹ ያሾፉባቸው ነበር። "ጋሽ ኑሩ መኪናዬን ሊድሯት ነው" ይላሉ። እሳቸው አይቆጡም። ወረታ ወርዳ ባሕር ዳር የምታድር መኪናና ጉናን ወጥታ ነፋስ መውጫ የምታድር መኪና፣ አንድ ፋብሪካ ቢወልዳቸውም አንድ ኖዝል አይስማማቸውም። ቆላ ላይ አየሩ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ሰፋ ያለ ቀዳዳ ቢሰጧት ናፍጣዋን አቃጥላ ጉልበት ታወጣበታለች። ጉና ላይ አየሩ ስስ ነው። እዚያ ወፍራም ጠብታ ከረጩባት ግማሹ ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ይሆናል፣ ግማሹ እየነደደ ፒስተኑ አናት ላይ ያርፋል። መለዋወጫ በማይገኝበት በዚያ ዘመን ከወዳደቁ ማሽኖች የተፈቱ ኖዝሎችን ጋሽ ኑሩ በሁለት ቀይ ጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጣሉ። በአንዱ "ደጋ"፣ በሌላው "ቆላ" ብለው ጽፈውበታል።

የሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ ነው። ቻይናዎች በሠሩት ጠጠር መንገድ ላይ እህል የጫኑ መኪኖች ወደ ጋይንት ይወጣሉ፣ ባዶአቸውን ይወርዳሉ። ጋሽ ኑሩ ለለቅሶ ይፋግ ሄደው ነበር። አንድ ጠዋት አያሌው ስድስት ፒስተን ያላትን የጣሊያን መኪና ይዞ ገባ። አውቀዋለሁ፤ መኪናዋንም አውቃታለሁ። ወረታና ባሕር ዳር ስትመላለስ የኖረች ናት።

"አበጄ፣ ደክማለች። ጉልበት ስጣት እባክህ፤ ቸኩያለሁ" አለኝ።

ብቻዬን መሆኔ ኩራት ኩራት አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ጋሽ ኑሩ ባይመለሱም የማልቸገር መስሎኝ ነበር። የወረታ መኪና ናት፣ ወረታ ለኛ ቆላ ነው፤ "ቆላ" የተባለውን ጨርቅ ፈታሁ። ስድስቱን አጠብሁ፣ ፈተሽሁ፤ ጥርርር አሉ። ሲያምር! ጋሽ ኑሩ ራሳቸው ቢሆኑ እንከን አያወጡላቸውም። ጉልበት ስለተባልሁም የፖምፑን ብሎን ሩብ ዙር ከፍቼ ናፍጣ ጨመርሁላት። ከዚያ ለሙከራ ይዘናት ወጣን፤ ያውም ወደ ወረታ፣ ቁልቁለቱን! ባዶዋን! ወደ ላይ ስንመለስ ጠቆር ያለ ጭስ ተፋች። በኛ አገር ሾፌር ዘንድ ደግሞ ጥቁር ጭስ ማለት ወንድነት ነው። አያሌው በመስታወት እያየ "ይኸውልህ ጉልበት!" አለና ትከሻዬን መታኝ። እኔም አብሬው ሳቅሁ።

የዚያኑ ዕለት ኩንታል ጭኖ ወደ ጋይንት እንዲሄድ ታዝዞ እንደነበር አልነገረኝም። አልደበቀኝም፤ አልጠየቅሁትም።

በማግስቱ ከላይ የመጣ ሌላ ሾፌር ወሬውን ይዞ ወረደ። ገሳይን አልፋ የጉና ትከሻ ላይ ሞተሯ ፈነዳ። እህሉ መንገድ ላይ ቆሟል። አያሌውን ይዘውታል። "አሻጥር ነው፤ እህሉ እንዳይደርስ ሆን ብሎ አቃጠላት" ተባለ። ወንድሙ ጫካ ገብቷል እየተባለ ይወራ ስለነበር ነገሩ ባሰ። በዚያን ጊዜ አሻጥር የሚባለው ቃል ምን ላይ እንደሚያደርስ የኖረበት ያውቀዋል።

ኖዝሎቹን ማን እንደገጠማቸው የጠየቀ የለም። ዝም ብል ማንም አይደርስብኝም። ወርቄ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ሰባት ወሯ ነው። ያን ቀን ዝም አልሁ። ምሳዬንም በላሁ። እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ያ ምሳ ነው።

ጋሽ ኑሩ በማግስቱ ከይፋግ ተመለሱ። አቧራቸውን ሳያራግፉ ሁሉንም ነገርኋቸው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

"የት ውላ የት ታድራለች ብለኸው ነበር?"

"አላልሁትም ጋሽ ኑሩ።"

አልተቆጡም። ምነው በተቆጡኝ! "ቁልፍህን ያዝ፤ እንሂድና እንያት" አሉ።

በእህል መኪና ተሳፍረን ወጣን። መኪናዋ መንገዱ ዳር አፍንጫዋን ወደ ዳገቱ አድርጋ ቆማለች። አራት የአገሩ ገበሬዎች በብርድ ተኮራምተው ጭነቱን ይጠብቃሉ። አንደኛው ሽማግሌ ገና ሳንደርስ ተነሡ። "አንዲት ፍሬ አልጎደለችም፤ ቁጠሩት። እኛም ርቦናል፤ ግን የጋይንት ሰው አፍ ነው ብለን ጠበቅነው" አሉ። ቁልፌን ይዤ ወደ ሞተሩ ሄድሁ።

ቴስታታውን፣ የሞተሩን ክዳን፣ ስናነሳው አራተኛው ፒስተን አናቱ ቀልጦ አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ተከፍቷል። ዙሪያው ሻማ እንደነካው ሰም ወርዷል። ጋሽ ኑሩ ያችን የደረቀች ጣታቸውን ቀዳዳው ውስጥ አስገብተው አወጡ። ስድስቱን ኖዝሎች ፈትቼ በጨርቅ ጠቀለልኋቸው።

ወደ ታች ስንመለስ ጋሽ ኑሩ እንዲህ አሉኝ። "ጨርቁ የእኔ ነው። 'ቆላ' ብዬ የጻፍሁትም እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የገጠምሁ ልበላቸው። ሽማግሌ ነኝ፤ ልጆቼን አሳድጌአለሁ። አንተ ሚስትህ እርጉዝ ናት።"

ልቤ ቅልል አለኝ። እግዜር ይይልኝ፣ ቅልል አለኝ! ወዲያው ደግሞ ራሴን ተጠየፍሁት። ሳለቅስ አይተው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

"አይሆንም ጋሽ ኑሩ። እርስዎ ቢገጥሙት ይጠይቁ ነበር። ይህንን ማን ያምናል?" አልኋቸው።

እህል ማጓጓዙን የሚመራው ጓድ ቢሮ ስንገባ ጠረጴዛው ላይ የመፈተሻዋን የእጅ ፖምፕ አሰርናት። ሰውዬው ወጣት ነው፤ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ነው። "ይኸ ምንድን ነው?" ብሎ ተቆጣ። ጋሽ ኑሩ ወረቀት ለመኑትና ሁለት ሰጠን። በአንደኛው ላይ የደጋውን ኖዝል ረጨሁ፤ ጤዛ የመሰለ ደቃቅ ነጠብጣብ አረፈበት። በሁለተኛው ላይ ከመኪናዋ የፈታሁትን ረጨሁ፤ የሐምሌ ጠብታ ነው፣ ወረቀቱ ረጥቦ ተጣጠፈ።

"ሾፌሩ ጥፋት የለበትም ጓድ። ይኸን ለጉና የገጠምሁት እኔ ነኝ" አልሁ።

"ማን አዘዘህ?"

"ማንም።"

"ታዲያ ለምን?"

"የት እንደምትሠራ አልጠየቅሁም።"

"ይኸው ብቻ?"

"ይኸው ብቻ ነው ጓድ።"

ሁለቱን ወረቀቶች ግራና ቀኝ ይዞ ብዙ አያቸው። ከዚያ ወደ ጋሽ ኑሩ ዞረ። "እውነት ነው?"

"እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እኛ ግን እስኪያድር አንለምንዎትም፤ መኪናዋን እናስነሳና ይዩት" አሉ ጋሽ ኑሩ።

ጓዱ ፈረደ። ሙሉ ጭነቷን ይዛ፣ አያሌው ራሱ እየነዳ፣ እኔም አጠገቡ ተቀምጬ ጉናን ካለፈች እሱ ይፈታል። ካላለፈች ግን ሁለታችንም አንድ ክፍል እንገባለን።

መኪናዋን ከነጭነቷ አስጎትተን ጋራዥ አስገባናት። ፒስተን ከአንዲት ከወደቀች መኪና አገኘን። ለኖዝሉ ግን ጋሽ ኑሩ "ደጋ" የተባለውን ጨርቅ ፊቴ አስቀመጡና እጃቸውን ወደኋላ አደረጉ። "አንተ ምረጥ" አሉኝ። አሥራ አንድ ነበሩ። እጄን ታጠብሁ። አንድ በአንድ መርፌአቸውን አወረድሁ፤ ሁለቱ ነከሱ፣ አስቀመጥኋቸው። የቀሩትን ፖምፗ ላይ አስሬ ሁሉም በአንድ ግፊት የሚከፍቱትን፣ በአንድ ድምፅ የሚጮኹትን ፈለግሁ። አንዱ እየቀደመ ሌላው እየዘገየ አስቸገረኝ። ሁለት ቀን ፈጀሁ። ስድስቱን መርጬ ስደረድራቸው የፖምፑን ብሎንም ወደ ቦታው መልሼው ነበር። ጋሽ ኑሩ ወረቀቶቹን በመነጽራቸው አይተው "ይሁን" አሉ። ከሳቸው አፍ "ይሁን" ማለት ትልቅ ምስጋና ነው።

አያሌውን በጠመንጃ አጅበው አመጡት። ከስቷል፤ ጢሙ አድጓል። ከንፈሩ ላይ የደረቀ ቁስል አለ። አላየኝም። ጠባቂው መካከላችን ተቀመጠ። ገሳይን አለፍን። መኪናዋ ያን ቀን ያፈሰሰችው ዘይት መንገዱ ላይ ጠቁሮ የቀረበት ቦታ ስንደርስ አያሌው ማርሽ ቀነሰ። ጣቶቼን በጉልበቶቼ መካከል ጨምቄ የማውቀውን ታቦት ሁሉ ጠራሁ። ሞተሯ አቃሰተች፤ ግን ድምፅዋ አንድ ወጥ ነው። አያሌው መስታወቱን አየ።

"ጭስ አላት?" አለ ጠባቂው።

"የላትም" አለ አያሌው።

በዚያ መንገድ ከአፉ የወጣችው ቃል ይችው ብቻ ናት። ጋይንት፣ ነፋስ መውጫ ስንደርስ ሰው ዝም ብሎ ተሰልፎ ይጠብቅ ነበር። ኩንታሉ ሲወርድ እልል ያለ አልነበረም፤ ለእልልታ አቅም የነበረው ሰው አልነበረም። አያሌው እዚያው ተፈታ። እጄን ዘርግቼ "ይቅር በለኝ" አልሁት። እጄን አልፎ ወደ መኪናዋ ሄደ። አልፈርድበትም።

እኔ ለዓመት ከኖዝል ሥራ ታገድሁ። ጎማ እንድፈታ ተደረግሁ፤ ወደ ጎንደሩ ሥራዬ ተመለስሁ ማለት ነው። ከእርምጃው ሁሉ ቀላሉ ስለነበር አመስግኜ ፈታሁ። አያሌው ጋራዥ ሲመጣ ከጋሽ ኑሩ ጋር ያወራል፤ እኔ ጎማውን ስፈታ ሌላ ቦታ ሄዶ ይቆማል። የእግዜር ሰላምታ እንኳ የለም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓመቱ ሞልቶ ወደ ጠረጴዛዬ በተመለስሁ ሳምንት፣ አንድ ጠዋት ያች የጣሊያን መኪና ግቢውን ገብታ ፊቴ ቆመች። ጋሽ ኑሩ ከወዲያ ተቀምጠው መነጽራቸውን ይወለውላሉ። ወደሳቸው ይሄዳል ብዬ አቀረቀርሁ። አያሌው ግን ሞተሯን ሳያጠፋ በመስኮቱ ራሱን አወጣ። ሰላምታ አልሰጠኝም። እኔም ገና አፌን አልከፈትሁም።

"ገሳይ ውላ ነፋስ መውጫ ታድራለች" አለኝ።

እንደ ቆምሁ ቀረሁ። ጋሽ ኑሩ ከወዲያ ጮኹብኝ። "ምን ይገትርሃል? ሰውዬው ነገረህ እኮ! በል እጅህን ታጠብ።"

ሄድሁና ታጠብሁ።